ተገልብጦ የገባው የሐሊማ ናሙና

ይህን የንስሐ አባቴ እንኳ አያውቁም። የባክቴሪያና የኮምፒውተር ኃጢአት ለቄስ እንዴት ይነገራል እያልኩ ዓመታት አለፉ። ሰበብ ነው፤ ፈሪ ሰበብ አያጣም።

ከደብረ ማርቆስ በመምህርነት ተመድቤ አሶሳ ስገባ ዩኒቨርሲቲው ራሱን ገና እያደራጀ ነበር። የባክቴሪያን የዘር ሐረግ የሚስለውን ሶፍትዌር የሚያውቅ በግቢያችን እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎበዝ ነበርኩ፤ ዛሬም ይህን አልክድም።

ሐሊማ የባምባሲ ልጅ፣ ተማሪዬ ነበረች። ለመመረቂያ ጥናቷ ከአባቷ ማሳ ለውዝ ነቅላ፣ ሥሩ ላይ ባለው እባጭ ውስጥ የሚኖረውን ባክቴሪያ ለይታ አወጣች። የዘረመል ፊደላቱ ውጭ አገር ተነበው ሲመጡ ወደ ሶፍትዌሩ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሥዕሉ ሲወጣ ለማወዳደሪያ የገቡት ሌሎች ናሙናዎች በየዘመዳቸው ተሰብስበዋል፤ የእሷ ብቻ ከሁሉም ርቆ ለብቻው ቀረ። አላመነታሁም። በመምህራኑ ፊት «እጅሽን ሳትታጠቢ ነክተሽ በሌላ ባክቴሪያ አበላሽተሽዋል» አልኳት።

«ወላሂ መምህር፣ እጄ ንጹህ ነበር» አለች። ማን ይስማት? ኮምፒውተሩ ተናግሯል፤ እኔም ተናግሬያለሁ። ጥናቷ ወደቀ፤ ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ቀረች።

በኋላ ያንኑ ፋይል ለሌላ ሥራ ከፈትኩት። የእሷ ናሙና ፊደላት ከጅራት ወደ ራስ ተገልብጠው ነበር የገቡት። አንዳንዱ እንዲያ ሆኖ ይመጣል፤ አቅንቶ ማስገባት የእኔ ሥራ ነበር። አቀናሁትና ሶፍትዌሩን እንደገና አስኬድኩት። ናሙናዋ እቤቱ እንደገባ ሰው ከለውዝ ባክቴሪያዎች መካከል ቁጭ አለ። እኔስ ምን አደረግኩ? ኮምፒውተሩን ዘጋሁ። ያን ቀን ወጥቼ ብናገር ሐሊማ ትመረቅ ነበር። «አያውቅም» መባልን ፈራሁ። የገለበጥኩት እኔ ነኝ፤ አይቼ የዘጋሁትም እኔው ነኝ።

አምና አሶሳ መናኸሪያ አገኘችኝ። ባምባሲ አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና እየሳቀች «መምህር፣ ለልጆቹ ሁልጊዜ የእርስዎን ነገር ነው የምነግራቸው» አለች። «እጄን ሳልታጠብ ያን ሁሉ ልፋት እንዳበላሸሁ። እርስዎ ባይቆጡኝ ጥንቃቄ የት አውቅ ነበር?»

በአላህ ስም የማለችው ልጅ መሐላዋን ትታ እኔን አምናለች። እኔም ምስጋናዋን ተቀብዬ «አይዞሽ» አልኳት። የተሳፈረችበት መኪና ሄደ።

እናንተ ይቅር ብትሉኝ አልቀበልም፤ ይቅርታው የእሷ ነው። እሷ ደግሞ የበደላት ሰው መኖሩን እንኳ አታውቅም።