ከመርዕድ ጋር ያየሁት ፊልም

ባለፈው እሑድ ልጄ ሊዲያ ምሳዋን በልታ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ቴሌቪዥኑን ስትነካካ አንድ የድሮ ፊልም ላይ አቆመች። ጭጋግ የለበሰ ኮረብታ፣ ከሥሩ ትልቅ የድንጋይ ቤት፣ በረጅም አረንጓዴ ቀሚሷ ሣሩን እየጠረገች የምትሄድ ሴት። ገና ሙዚቃውን ስሰማ አወቅሁት። እጄን በፎጣ እያደረቅሁ ማድቤቱ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

“ማሚ፣ ነይ እይ፤ እያንዳንዱ ነገር ሥዕል ነው የሚመስለው” አለች። ትንሽ ቆይታ ማዛጋት ጀመረች። “ግን ምንም ነገር አይፈጠርም እንዴ? ዝም ብለው ይተያያሉ።”

“እስከ መጨረሻው እንደዚያው ነው” አልኳት።

“አይተሽዋል?”

አይቼዋለሁ። አዲስ ጫማ አድርጌ፣ ለትዳር ከታሰበልኝ ሰው ጎን ተቀምጬ ነው ያየሁት።

ያኔ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ለንደን፣ ሃርልስደን የሚባል ሰፈር፣ እትዬ ውብነሽ ቤት፣ ላይኛው ፎቅ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እኖር ነበር። እትዬ የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው። ከሁላችንም ቀድመው ለንደን የገቡ፣ ለመጣው ሁሉ አልጋ የሚያነጥፉ፣ ላልተዳረው ሁሉ የሚጨነቁ ሴት ነበሩ። እኔ ዊልስደን ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል እሠራ ነበር። አንሶላ ሳጥፍ እውልና ፀጉሬ ድረስ እንፋሎት እንፋሎት እየሸተትኩ እመለሳለሁ። ዊንተሩ ሲመጣ ደግሞ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ መግባት ነው። ክረምት ብለን እንዳንጠራው የኛን ክረምት በምንም አይመስልም፤ የኛው ዝናብ ቢያንስ እሸት ያመጣል። በዚያ ብቸኝነት ውስጥ አንድ ደህና ሰው ቢጠይቀኝ እሺ ለማለት ብዙም የሚቀረኝ አልነበረም።

እትዬም ይህን ሳያዩ አልቀሩም። አንድ ቀን ስለ መርዕድ አነሱብኝ።

“ሰው ነው” አሉኝ። “አይጠጣም፤ ሰው አያማም። ቀን ኮሌጅ ይማራል፣ ማታ ይሠራል። አንድ ዊንተር ሙሉ እዚሁ ቤት አብልቼዋለሁ፤ ጠባዩን አውቃለሁ። እስቲ ወጣ በሉና ተነጋገሩ።”

አርብ ከሥራ በኋላ ዋናው ጎዳና፣ ሃይ ሮዱ ላይ ከነበረው አሮጌ ሲኒማ ቤት ደጃፍ ተገናኘን። ዛሬ አፓርታማ ሆኗል። ዛፎቹ ቅጠላቸውን አራግፈው መንገዱ ቡናማ ሆኖ ነበር። መርዕድ ትከሻው ላይ የሰፋው ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ከቀጠሯችን ቀድሞ ቆሞ አገኘሁት። ቀጭንና ዓይነ አፋር ነበር።

“እንደምን ዋሉ?” አለኝ።

በዚያ ዕድሜዬ እርስዎ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሳቄን ዋጥ አድርጌ እኔም እርስዎ አልኩት። ፈንዲሻ ልንገዛ ስንል መርዕድ ቀኑ አርብ መሆኑን አስታወሰና ሻጯን ልጅ በዚያ ጥንቃቄ በሞላበት እንግሊዝኛው ቅቤ ነክቶት እንደሆነ ጠየቃት። ልጅቷ ግራ ገባት። ከኋላችን ሰልፉ ሲረዝም ጊዜ ትተነው ገባን።

ፊልሙ ሲጀምር እውነቱን ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር የማየው። የሻማው ብርሃን ሴትዮዋ አንገት ላይ ሲያርፍ፣ ፈረሶቹ በበረዶ ውስጥ ሲተነፍሱ፣ ዝናቡ በመስተዋቱ ላይ ሲወርድ፤ እንግሊዝ አገር እንዲህ ያምራል እንዴ አልኩ። የማውቃት እንግሊዝ ሌላ ነበረች። ሴትዮዋ የባለጠጋ ልጅ ናት፤ ሰውየው የአባቷን መጻሕፍት ሊያደራጅ የመጣ ድሃ ወጣት ነው። ይዋደዳሉ። ግን አይናገርም። እሷ መስኮት ላይ ትቆማለች፣ እሱ በር ላይ ይቆማል። ቀሚስ ይለወጣል፣ ወቅት ይለወጣል፣ ሰውየው አይናገርም። ዓይኔ ጠገበ። ሻንጣውን ይዞ ሠረገላው ላይ ሲወጣ ትዕግሥቴ አለቀና “ኧረ ተናገር” አልኩ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። ከፊታችን የነበሩ አሮጊት ዞረው አዩኝ። መርዕድ እንደሚስቅ ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀም።

ስንወጣ አየሩ የተጠበሰ ዓሣና የኮምጣጤ ሽታ ነበረው። አውቶቡሱ ላይ፣ ፎቁ ላይ ወጥተን ከፊት ተቀመጥን። እኔ ፊልሙን አላቆምኩም።

“ልብሱ ያምራል፣ ቤቱ ያምራል፣ እሷም ታምራለች” አልኩ። “ያን ሁሉ ውበት ሰብስበው ምነው አንዲት ቃል አጡ?”

መርዕድ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ መንገዱ ይመለከት ነበር።

“ትርሲት” አለኝ። “አንቺን ማታለል አልፈልግም።”

አንቺ ሲለኝ መጀመሪያው ነበር።

“ካርቱም የምትጠብቀኝ ልጅ አለች። ፀዳለ ትባላለች። ድንበሩን አብረን ነው የተሻገርነው። የኔ ዕድል ቀድሞ ወጣ፤ እሷ ቀረች።”

“ታዲያ ዛሬ ለምን መጣህ?”

“እትዬን እንቢ ማለት አቃተኝ። ያበሉኝን፣ ያለበሱኝን ሰው በምን አፌ? ደግሞ ወሬዋ ሲጠፋብኝ፣ ረስታኝ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳባብል ነበር። አሁን ያንን ሰውዬ ሳየው ራሴን ጠላሁት።”

መስተዋቱ በትንፋሻችን ተደፍኖ ውጭው አይታይም ነበር። መውረጃችን አልፎን ሄደ። ሌላም ፌርማታ አለፈን። ወርደን በእግር ስንመለስ ነው አፌን የከፈትኩት።

“እሑድ ለእትዬ ትነግራቸዋለህ።”

“አልችልም።”

“እኔ አብሬህ እቆማለሁ።”

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ማድቤት ተቀምጠው ለዶሮው እንቁላል ሲልጡ ገባን። “እትዬ፣ መርዕድ የሚነግርዎት አለው” አልኳቸው። እሱም ሁሉንም ነገራቸው። እትዬ ሳያቋርጡ ሰሙት።

“የማን ልጅ ናት?” አሉ በመጨረሻ።

ነገራቸው።

“በምን ትኖራለች?”

“ሰው ቤት ትሠራለች።”

“እሷ ሰው ቤት ትሠራለች፣ አንተ እዚህ ፊልም ታያለህ” አሉት። እሱ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ግን እጃቸውን ታጥበው ተነሡና የሚያውቁት ጠበቃ ጋ ማን እንደሚያደርሰው ለመጠየቅ መደወል ጀመሩ። እትዬ ሲቆጡም ሲራሩም እንዲያ ነበሩ፤ ወዲያው ሥራ ይጀምራሉ።

መርዕድ ከሄደ በኋላ ወደኔ ዞሩ። “አንቺስ?”

“እኔ ደህና ነኝ።”

“አይደለሽም” አሉኝ ቀስ ብለው። አንድ የተላጠ እንቁላል አንሥተው እጄ ላይ አስቀመጡ። “ብዪ።” ከዚያ በኋላ ነገሩን አንሥተውብኝ አያውቁም።

ፀዳለን ለማምጣት አፕላይ ተደርጎ፣ ተከልክሎ፣ እንደገና ተደርጎ፣ ብዙ ደጅ ተጠንቶ በመጨረሻ ተፈቀደ። የመጣች ቀን መርዕድ ኤርፖርት ብቻውን መቆም አቅቶት ለመነኝና አብሬው ሄድኩ። ጥር ነበር። በስስ ቀሚስና በክፍት ጫማ፣ ትንሽ ሻንጣ እየጎተተች ብቅ አለች። መርዕድ ባለበት ደርቆ ቀረ፤ እሷም አየችው፣ እሷም ቆመች። የሚሄድ ስላጣሁ እኔ ሄድኩና ኮቴን አውልቄ አለበስኳት።

“እህቱ ነሽ?” አለችኝ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

“አዎ” አልኳት።

መርዕድ ሰምቷል። ዓይኑን ወደኔ አነሣ፤ ከዚያ ወደሷ ሄደ። ኬኒንግተን አንዲት የካውንስል፣ በኛ አባባል የቀበሌ፣ ቤት አግኝተው ገቡ፤ እስካሁንም እዚያው ናቸው። ለመጀመሪያ ልጃቸው የክርስትና እናት እኔ ነኝ።

ይህን ሁሉ እየነገርኳት ፊልሙ አልቆ ሌላ ጀምሮ ነበር። ሊዲያ ተነሥታ ተቀምጣለች።

“ጋሼ መርዕድ? የኛ ጋሼ መርዕድ?”

“እሱ።”

“ትወጂው ነበር?”

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አባቷም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልጠየቀኝም።

“ሲኒማ ቤቱ ውስጥ አልወደድኩትም” አልኳት። “አውቶቡሱ ላይ እውነቱን ሲነግረኝ ነው የወደድኩት።”

“ነግረሽው ታውቂያለሽ?”

“ለማን ይበጃል ብዬ?”

“ማሚ፣ በጣም ሳድ ነው።”

አልተከራከርኳትም። ያን ዊንተር በእርግጥ ያሳዝን ነበር፤ አንሶላ እያጠፍኩ ያለቀስኩበት ቀን አለ። በኋላ ግን አባቷን ሳገኘው የምፈልገውን አውቄ ነበር። መልክ አልፈለግሁም፣ ጨዋታም አልፈለግሁም። የሚያስከፍለውን እያወቀ እውነቱን የሚናገር ሰው ነበር የፈለግሁት፤ አገኘሁም። ይህን ማን እንዳስተማረኝ ኬኒንግተን ያለው ሰው እስከ ዛሬ አያውቅም። ሳያውቀውም ደህና አስተምሮኛል።