ምሳ የተበላው በሬ

በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት የኢንሹራንስና የካሳ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ጉዳቱን በዓይኔ ሳላይ አልፈርምም፤ የቆቦ ሰው ሁሉ በዚህ ያማኛል።

በቀደም አያ ሰይድ የሚባሉ የጎብዬ ገበሬ ደወሉልኝ። ለቧንቧ በቆፈርነው ቦይ የእርሻ በሬያቸው ወድቆ ክፉኛ ተጎድቷል። ማሽላ የሚዘራበት ሰሞን ስለሆነ ጨንቋቸዋል። «ማንም እንዳይነካው፣ ነገ መጥቼ አየዋለሁ» አልኳቸው።

በማግስቱ ስደርስ «መጀመሪያ ምሳ!» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ። ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። ጥብሱ ምን ልበላችሁ! «አልሐምዱሊላህ፣ በቃኝ» እያልኩ ተጨመረልኝ፤ እሱንም ጨረስኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ አፍ አፌን ያየኛል። እንግዳ አክባሪነታቸው ልቤን ነካኝ።

እጄን ታጥቤ ስልኬን ለፎቶ አወጣሁና ኮስተር አልኩ።

«በሉ አያ ሰይድ፣ በሬውን ያሳዩኝ።»

«ትናንት ማታ ጣር ሲይዘው፣ ሳይሞት ብለን አረድነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ በዓይኔ ሳላየው እንዴት አድርጌ ልፈርም?»

አያ ሰይድ በድንጋጤ ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች መስክሩልኝ! ማየት ብቻ ነው? ደገመው እኮ!»