ከበሬ ጋር ያለን ዝምድና

የአገሬ ሰው የሰውና የእንስሳ ዝምድና ሲነሣ የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እኔ ከዝንጀሮ አልመጣሁም» ይላል። ይህን ብሎ ደረቱን ይነፋል። ከዝንጀሮ መጣህ ያለው ግን የለም። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ አስረድቼዋለሁ፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሣር የሚነጨው ጭላዳ አያትህ አይደለም፣ እሱም እንዳንተው የዛሬ ፍጡር ነው፣ ሁለታችሁም ከጥንት ከአንድ አያት ወርዳችሁ መንገድ ላይ የተለያያችሁ ናችሁ፣ የሩቅ የአጎት ልጅ በለው ብዬዋለሁ። ጸጥ ብሎ ይሰማኛል። ራሱንም ይነቀንቃል። ስጨርስ «ብቻ እኔ ከዝንጀሮ አልመጣሁም» ይለኛል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የምሠራው ከሙጃ ከተማ ከፍ ብሎ ባለው ደጋ ነው፤ ከምዞርባቸው ቀበሌዎች አንዱ የተወለድሁበት ነው። ይህ የምነግራችሁ ነገር ከመሆኑ በፊት ሰው እንቅ ነበር። ይህን የምለው ለመናዘዝ አይደለም፤ ጠባዬ ስለነበረ ነው። ስንቅም አላዳላም። ባዮሎጂ ያስተማረን መምህር ከዚሁ ምዕራፍ ሲደርስ መጽሐፉን አጥፎ «ይኼን ለፈተና ሸምድዱት፣ በልባችሁ ግን አታስገቡት» ያለን ሰውዬ ነው፤ እሱን ዛሬም እንቀዋለሁ። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለው አለቃዬ ደግሞ «በሳይንስ አምናለሁ፣ ይኼን አንዱን ብቻ አልቀበልም» ይላል፤ ገበያ ወርዶ ድንች የሚመርጥ ይመስል።

ገበሬውን የምንቀው ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው። በአደባባይ ከከብት ጋር ምን ዝምድና አለኝ ይላል፤ ሰው ሲርቅ ጠብቆ ወደ እኔ ጠጋ ይልና ወገቤን ይዞኛል፣ ለላሟ የሰጠሃትን መርፌ ለእኔም ውጋኝ ይላል። አንዱማ ልኩን ሁሉ አሰላልኝ፤ ላሟ ትልቅ ናት፣ ለእኔ የጥጃዋ ያህል ይበቃኛል አለኝ። ዘመድ ካልሆንህ የጥጃዋ መድኃኒት አንተ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ። ሃይማኖቴን ነካህ አለኝ፤ ያም ሆኖ መርፌውን ስላልወጋሁት ነበር ያኮረፈው።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል የማልንቃት ታላቅ እህቴን ብቻ ነበር። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አልተማረችም፤ ባል አግብታ እዚያው ቀበሌያችን ቀርታለች። ኮሌጅ ገብቼ የተማርሁትን ዝምድና መጀመሪያ የነገርሁት ለእሷ ነው፤ እንደ ሌላው ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ገብሷን ማበጠሯን ሳታቆም፣ በግ ስታዋልድ እንዳየች፣ ምጧ ልክ እንደ ሰው ምጥ እንደሆነ፣ ይኼ እንግዳ ነገር የሚሆነው ለተማረ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። በሷ አፍ ሲሆን ስድቡም ደስ አለኝ።

ነገሩ የሆነው ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የሃምሳው ጊዜ ስለሆነ ጾም የለም፤ ሁለት ወር ሙሉ ሥጋ ሳይቀምስ የከረመ ሰው ሥጋ የሚያምረው ያኔ ነው። ረፋዱ ላይ የእህቴ ጎረቤት ደወለና በሬው ሌሊቱን ደህና አድሮ ጧት መንቀጥቀጥ እንደጀመረ ነገረኝ። ስደርስ በሬው ታርዷል። ሰባት ስምንት ወንዶች ከበውት ቆዳውን እየገፈፉ ነው፤ የእህቴ ባል እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ከፊት ነው ያለው። ደሙን አየሁት። ሬንጅ መስሏል፣ አልረጋምም፤ በአፍንጫውም በኋላውም ወርዷል። አባ ሰንጋ መሆኑን ሳልጠጋ ዐወቅሁ። ደህና ያደረ በሬ በግማሽ ቀን የሚጥል በሽታ ነው፤ የገፈፈውን ሰው በቆዳው ይገባበታል፣ የበላውን በሆዱ።

ሰዎቹ ግን ክርክር ላይ ነበሩ። የሚከራከሩት ስለ ደሙ አይደለም፤ ስለ ጅራቱ ነው። ቢላዋው አንገቱ ላይ ሲያርፍ በሬው ነፍስ ነበረው ወይስ አልነበረውም? ነፍስ ከነበረው በስመ አብ ተብሎ ታርዷልና ሥጋው ይበላል። ቀድሞ ሞቶ ከነበረ በክት ነው፣ የሚነካው የለም። አንዱ ከታረደ በኋላ ጅራቱን ሁለት ጊዜ ሲያወናጭፍ አይቻለሁ ብሎ ይምላል። ሌላው አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም ነፋስ ነው ይላል። ፊደል ያስቆጠሩኝ መምሬ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሁሉንም ምስክርነት በትዕግሥት ይሰማሉ። በመጨረሻ ጅራቱ መንቀሳቀሱ ታመነ፣ ሥጋው ንጹሕ ነው ተባለ። ሰዉ ሁሉ የአቅሙን አዋጥቶ ድርሻ ድርሻውን ሊወስድ፣ ባለቤቱም በዚያው ሌላ በሬ ሊተካ ተስማሙ። ያን ዕለት ይህን ችግር የመካፈል ወግ አላየሁትም። እኔ ያየሁት ጥቁር ደም መሀል ቆመው ስለ ጅራት የሚመሰክሩ ሽማግሌዎችን ነው።

ከቦርሳዬ ጓንት አወጣሁና አጠለቅሁ። ሁለት ጥንድ ነበረኝ፤ ሌላውን ለማንም አላቀረብሁም።

«መምሬ፣ ጅራቱን ይተዉት» አልኋቸው። «በሬውን የያዘው እናንተንም ይይዛል። ለምን ቢሉ፣ ዘመዳሞች ናችሁ።»

«ይይዛል» ካልሁት ላይ ብቆም ኖሮ ይሰሙኝ ነበር፤ ቢላዋዎቹ ቀጥ ብለው ነበር። የዝምድናውን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ወዲያው አንዱ ከት ብሎ ሣቀ፣ ሌላውም ተከተለ። ደሜ ፈላ። ተቆርጦ የተቀመጠውን የፊት እግር አንሥቼ ማስተማር ጀመርሁ። ይኼ ጉልበት የምትሉት ጉልበት አይደለም አልሁ፣ የእጅ አንጓ ነው፤ በሬ የሚቆመው በጣቶቹ ጫፍ ነው፣ ሰኮናው ጥፍር ነው። ከላይ አንድ አጥንት፣ ከታች ሁለት፣ ከዚያ አንጓ፣ ከዚያ ጣት፤ የእናንተም ክንድ እንዲሁ ነው፣ የፈረስም፣ የሌሊት ወፍ ክንፍም እንዲሁ ነው። ለምን ይመስላችኋል? ከአንድ አያት ስለወረደ ነው። ያ አያት ከባሕር የወጣ አሣ መሳይ ነገር ነበር አልሁ። ጽንስ በእናቱ ሆድ ሳለ ጅራት እንዳለው፣ ጅራቱ የነበረበት አጥንት ዛሬም መቀመጫችን ላይ እንዳለ ነገርኋቸው። አሳምሬ ነው የተናገርሁት። እንደዚያ አምሮልኝ የተናገርሁበት ቀን አላስታውስም።

የእህቴ ባል ቢላዋውን እየሳለ፣ እንግዲያው ነገ በሟቹ ፋንታ ቀንበር የምትገባልን አንተ ነህ፣ ለዘመድ የሚደርስ ዘመድ ነውና አለ። ሁሉም ሣቁ፤ የበሬው ባለቤት ሳይቀር በዚያ ሐዘኑ ሣቀ። መምሬ ብቻ አልሣቁም።

«ልጄ፣ የአሣውን ተወው» አሉኝ። «ስለ በሽታው የጀመርህልን ነገር ነበር፤ እሱን ንገረን።»

ይህ ጥያቄ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ያኔ ግን የሰማሁት ሣቁን ነው። እግሩን መሬት ላይ ጥዬ፣ እርስዎ አስቀድመው ዘመድዎን ይወቁ አልኋቸው፤ በሸበቱ ሰው ላይ፣ ባስተማሩኝ ሰው ላይ። ጓንቴን አውልቄ፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ደህና ሁኑ ሳልል ወጣሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ከእህቴ ጋር ተገናኘን። ዱቄት በአህያ ጭና ከወፍጮ መመለሷ ነበር። ፊቴን አይታ ምን እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። ከከብት ጋር ስነጋገር ዋልሁ አልኋት። ማን ምን እንዳለኝ፣ ባልዋ እንዴት እንደተሣለቀብኝ፣ መምሬ እንኳ እንዴት እንዳቋረጡኝ አንድ በአንድ ነገርኋት። አህያዋን በአንድ እጇ ይዛ ቆማ ሰማችኝ። ቤት ግባና እህል ቅመስ አለችኝ፤ አይሆንም፣ የነሱን ፊት ማየት አልፈልግም ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ። እሷም አህያዋን እየነዳች ወደ ቤቷ ወጣች።

በማግስቱ ቢሮ ተቀምጬ ሪፖርት ጻፍሁ። አባ ሰንጋ የተጠረጠረበት አንድ በሬ፣ ቦታው፣ ቀኑ። «የተወሰደ እርምጃ» በሚለው ሥር «ለኅብረተሰቡ ግንዛቤ ተሰጥቷል» ብዬ አሰፈርሁ። ጽሕፈቴ ጥሩ ነው፤ አለቃዬ አመሰገነኝ። አላዋቂዎቹ የሚሆኑትን ያያሉ ብዬ በልቤ ተደስቼ ነበር። እንዲሞቱ አልተመኘሁም። መጥተው እንዲለምኑኝ ነበር የተመኘሁት።

በአራተኛው ቀን ሌላ ቀበሌ በግ እየከተብሁ ሳለ ስልክ ተደወለ። የእህቴ ባል ነበር። ክንዱ ላይ ቁስል ወጥቶበታል፣ መሀሉ ከሰል የመሰለ፣ ግን የማያም። መምሬም ሥጋውን ሲባርኩ በነካኩበት ጣታቸው ላይ ወጥቶባቸዋል። ይህን ሁሉ ካለኝ በኋላ ነው እህቴን ያነሣው። ሆዷን ካመማት ሁለት ቀኗ ነው፣ ፌጦ አጠጥተናታል፣ ጠበልም ወስደናታል፣ ዛሬ ደም አስመለሳት አለኝ። የበሬውን ሆድ ዕቃ ያጠበችው እሷ ነበረች።

ስደርስ ቃሬዛ ላይ አድርገው ወደ መኪናው መንገድ እያወረዷት ነበር። የሣቁብኝ ሰዎች ናቸው የተሸከሟት፤ ክንዱ የቆሰለው ባልዋ በደኅናው ትከሻው ይዞ ነበር። ላሊበላ ሆስፒታል ስንገባ ሐኪሙ፣ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ፣ የታመመ ከብት ሥጋ በልታለች ወይ አለ። አዎ አልሁት። በአካባቢያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የለም እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔ ነኝ» አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔ ሰውን ስንቅ እንዴት እንደምመለከት ያወቅሁት ከሱ ዐይን ነው። የሰጧት ፔኒሲሊን ነበር፤ በእኔም የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ ያለው እሱው ነው፣ ለበሬም የሚሰጠው እሱው ነው። ያ ሁሉ ያወራሁለት ዝምድና ከፊቴ በእህቴ ክንድ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይገባ ነበር። ግን ዘግይቶ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ጧት ነቃ አለች። ከንፈሯን በውኃ በተነከረ ጥጥ አራስሁላት። ድምፅዋ ደክሟል።

«ያን ዕለት መንገድ ላይ ስንገናኝ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

እንድትረግመኝ ጠበቅሁ፤ እንድትረግመኝ ፈልጌም ነበር።

«በጣም ተናድደህ ነበር እኮ፣ ወንድም ዓለም» አለች፤ ለሌላ ሰው የምታስረዳልኝ ይመስል። ከዚያ በኋላ ልጆቿን ብቻ ነው ያነሣችው። ከሰዓት በኋላ ዐረፈች።

የቀበርናት በማግስቱ ነው። ፍትሐቱን ያደረሱት መምሬ ናቸው፤ ጣታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ መስቀሉን በሌላው እጃቸው ይዘው። ሐኪም ቤት ልኬያቸው መርፌውን ጀምረው ነበር። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰው መበተን ሲጀምር ወደ እኔ መጡ። ይወቅሱኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄ፣ በየቤቱ የተሰቀለ ቋንጣ አለ» አሉኝ። «ምን ይደረግ?»

«ቅበሩት፣ መምሬ። እንዳትበሉት።»

ዘወር ብለው ለሕዝቡ የነገርኋቸውን ነገሩ፤ አልጨመሩበትም። ሰዉ ከመቃብሩ በቀጥታ ወደየቤቱ ሄደና ያለውን ሁሉ ይዞ መጣ፤ ቋንጣውን፣ ያደረውን ወጥ ከነድስቱ፣ ቆዳውን ሳይቀር። በሟቹ ፋንታ ቀንበር ግባ ያለኝ የእህቴ ባል በአንድ እጁ ጉድጓዱን ቆፈረ። ውሻ እንዳያወጣው በጥልቅ ቀበሩት፣ ድንጋይ ጫኑበት። ለምን ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።