ባዶ ቦታ ብዬ የጻፍኩበት ሸለቆ

የመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጉም ውስጥ ቆሞ መዋል ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ስታፍ የሚባለውን፣ ቁጥር የተጻፈበትን ረጅም የመለኪያ ዘንግ አስያዘኝና «እዚያ ጉብታ ላይ ቁም፤ እጄን ሳወርድ ትመጣለህ» አለኝ። ሄጄ ቆምኩ። ወዲያው ጉም ወረደና ቀያሹም፣ መሣሪያውም፣ ከተማውም ጠፉ። ስታፉን ቀጥ አድርጌ ይዤ ጠበቅሁ። ሰማይ ላይ የቆምኩ ነበር የሚመስለኝ። ጉሙ ሲገፈፍ ቀያሹ የለም፤ ለካ ቁርሱን ሊበላ ሄዷል። የሥራ ባልደረቦቼ ለብዙ ዓመታት ሳቁብኝ፤ እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር።

ከተማዋ በከምባታና ሐዲያ አውራጃ ካሉት አንዷ ናት። ስሟን አልጠራም። የዚያን ጊዜ ሰዎች ብዙዎቹ በሕይወት አሉ፣ በእርጅናዬ ከማንም ጋር ነገር መጀመር አልፈልግም። እኔ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ሥራ የገባሁት ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ከስታፍ ያዥነት ወደ ረዳት ቀያሽነት፣ ከዚያም ወደ ቀያሽነት አደግሁ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ቀያሹ ነዳፊም ነው፤ ስብሰባ ሲኖር ደግሞ ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። በጣም የምወደው ንድፉን ነበር። ትሬሲንግ የሚባለውን ስስ የንድፍ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወጥረህ በቀለም ስትነድፍ ከተማው በሙሉ ክንድህ ሥር ይተኛል። ገና ያልተሠሩ መንገዶችን በልቤ እሄድባቸው ነበር። አንድ ጧት ወደ ቢሮ ስሄድ ሜዳ መሐል ዞሬ ማለፌን ያየ ሰው «ምን ሆነሃል?» አለኝ። እዚያ ቦታ ላይ አደባባይ ነድፌ እንደነበር እንዴት ብዬ ልንገረው?

አለቃዬ አቶ ዘውዱ ይባላሉ። ከሰሜን የመጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ እርሳሳቸውን እስከ ጫፉ የሚጠቀሙ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ጠርተውኝ «ቄራ ሊሠራ ነው» አሉኝ። እስከዚያ ድረስ ከብት የሚታረደው ገበያው ዳር ስለነበር ሽታውና ውሻው ሕዝቡን አስመርሮታል። «ተዳፋት ፈልግ፤ ነፋሱ ወደ ከተማው የማይመጣበት፣ ባለቤት የሌለው ቦታ ይሁን» አሉኝ።

ከመለኪያ ሰንሰለት ያዣችን ከጋሽ ላምቤቦ ጋር ወጣን። ወሩ ጥር ነበር። ከከተማው በታች አንድ ሸለቆ አገኘን። ውኃ የለውም፤ ሣሩ ደርቋል። ከወዲያ ማዶ በእንሰት መሐል ጥቂት የሣር ጎጆዎች ይታያሉ። ጋሽ ላምቤቦ አገሩን ያውቃሉና «የሸክላ ሠሪዎቹ ቤቶች ናቸው» አሉ። የቀበሌ የቤት ቁጥር የላቸውም። ቁጥር የሌለውን ቤት ደግሞ ፕላን ላይ አናወጣም፤ ደንባችን ነበር። ቦታውን ለካንና ካርታው ላይ «ባዶ ቦታ» ብዬ በሚያምር ጽሕፈት ጻፍኩበት።

ጋሽ ላምቤቦ ሜትሩን እየጠቀለሉ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ» አሉኝ። ሳቅሁ። ሳቁን ያስታወስኩት በኋላ ነው።

ፕላኑ በሕዝብ መጽደቅ ስለነበረበት በግንቦት ስብሰባ ተጠራ። የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ሸክላ ሠሪዎቹ ግን ገብተው አልተቀመጡም። በአገሩ ልማድ ሰው ከእነሱ ጋር አይበላም፣ አይጠጣም፣ ወንበር አይጋራም። መንግሥት ሁሉም እኩል ነው ብሎ አውጇል፤ መፈክሩም ግድግዳው ላይ ተጽፏል። እነሱ ግን እንደ ዱሮው ውጭ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ያዳምጣሉ። ማንም ውጡ አላላቸውም፤ ማንም ግቡም አላላቸውም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ቄራው የት እንደሚሠራ ተናገረ። ጭብጨባ ሆነ። «የምትደግፉ?» ሲል አዳራሹ በሙሉ እጁን አነሣ። «የምትቃወሙ?» አለ። ያን ጊዜ ቀና ስል በመስኮቱ ክፍተት አንዲት እጅ ከውጭ ወደ ላይ ተዘርግታ አየሁ። የጭቃ እጅ ነበረች፣ ጣቶቿ ግራጫ። ሊቀ መንበሩ ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቷል። ብዕሬን ለአፍታ ያዝ አደረግሁ። ከዚያ «ያለ ምንም ተቃውሞ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ብዙ ምክንያት መደርደር እችላለሁ። እውነቱ ግን ይህ ነው፤ ከውጭ ያለ እጅ የሚቆጠር እጅ መሆኑ ጭራሽ አልታየኝም።

በሰኔ ችካል ልንተክል ወረድን። ሸለቆው ሌላ አገር ሆኖ ጠበቀኝ። አረንጓዴ ነው፤ ጉሙ ከሥሩ ይነሣል፣ ከድንጋዮቹ መሐል ውኃ እየተንሾካሾከ ይወጣል። በጥር ደረቅ ያልኩት ቦታ ምንጭ ነበረው። ችካሎቹን ተክለን ሄድን። በማግሥቱ ስንመለስ አንዱም የለም።

ችካሎቹን ያገኘኋቸው አንዲት ጎጆ በር ላይ በሥርዓት ተከምረው ነው። በሩ ላይ ጭቃ የሚያቦኩ ሴት ተቀምጠዋል። ስማቸው ጡሜ ነው፤ እማማ ጡሜ እንላቸዋለን። የተነጋገርነው በሐዲይኛ ነው።

«እማማ፣ እነዚህን ማን ነቀላቸው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ። እንጨታችሁ በዝናብ እንዳይበሰብስ ሰበሰብኩላችሁ» አሉኝ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«ይሄ እኮ በስብሰባ የተወሰነ ነው።»

«አውቃለሁ። እዚያው ነበርኩ። አንተንም አይቼሃለሁ፤ ስትጽፍ ምላስህን ታወጣለህ።»

ጋሽ ላምቤቦ በሳቅ ፈነዱ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። «ታዲያ ያኔ ለምን አልተቃወሙም?» አልኩ።

ጭቃውን ተዉትና አዩኝ። «ባሌ እጁን አነሣ» አሉኝ። «አንተም አየኸው። ከዚያ ወደ ወረቀትህ ተመለስክ።»

ተነሥተው ምንጩን አሳዩኝ። «የምንጠጣው ከዚህ ነው» አሉ። «ከከተማው ምንጭ አያስቀዱንም፤ እንስራችሁ ያረክሰዋል ይሉናል። እንስራውን ግን የሚገዙት ከእኛ ነው።» ከምንጩ ዝቅ ብሎ አፈር የሚቆፍሩበት ጉድጓድ አለ። ቄራው ከላይ ከተሠራ ደሙና ፈርሱ መጀመሪያ ምንጩን፣ ቀጥሎ ጉድጓዱን ይሞላል። ውኃቸውም እንጀራቸውም እዚያው ይቀራል። እኔ በንድፌ ላይ የውኃ መውረጃ ቀስት የሳልኩት ወደዚያ ነበር። ቀስቱን በጥንቃቄ ነበር የሳልኩት።

ቢሮ ተመልሼ ለአቶ ዘውዱ ነገርኳቸው።

«ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል» አሉ። «ፕላኑ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ይላካል። ምን ልታደርግ ነው?»

«ቃለ ጉባኤው ውሸት ነው ጋሼ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እርሳሳቸውን አስቀመጡ። በዚያ ዘመን «የሕዝብ ውሳኔ ውሸት ነው» ማለት ምን እንደሚያስከትል ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ባነሰ ነገር ታስረው የቀሩ ሰዎች አሉ። አቶ ዘውዱ በመስኮት ወደ ዝናቡ ሲያዩ ቆዩ።

«ያልከኝን አልሰማሁም» አሉ በመጨረሻ። «ቃለ ጉባኤ የሚሻረው በቃለ ጉባኤ ነው። ውሸት የሚባል ነገር አታንሣ። ሕዝቡ ቦታውን በዓይኑ ይይ በል፤ ማስጎብኘት በደንቡ ላይ አለ። ስብሰባው እዚያው ሸለቆው ላይ ይሁን። ፕላኑ ሳምንት ይዘግይ፤ ቀለሙ ፈሰሰብኝ ብዬ እጽፋለሁ።»

እንዲያ ዓይነት አለቃ ሰው በሕይወቱ አንዴ ካገኘ ይበቃዋል።

ሕዝቡ ወደ ሸለቆው ወረደ። ግድግዳም መስኮትም የለም። ቢሆንም የከተማው ሰው ከላይ ተዳፋቱ ላይ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ከታች ምንጩ ዳር ተቀመጡ። መሐላቸው ላይ ሣር ብቻ ነበር፤ ያንን ሣር ግን ማንም አልረገጠውም። ሊቀ መንበሩ መፈክር አሰማና «አስተያየት ያለው?» አለ። እማማ ጡሜ ተነሡ። በአማርኛ ነው የተናገሩት፤ እየተቆራረጠ ቢሆንም ይሰማል።

«የኔ ድስት፣ የኔ ማሰሮ የሌለበት ቤት ማን ነው? እጅ ያንሣ።»

አንድም እጅ አልተነሣም።

«እሺ። ደም ከላይ ይመጣል። አፈሬ ደም ይጠጣል። እኔ ከእሱ ድስት እሠራለሁ። እናንተ ትበላላችሁ።» ተቀመጡ።

ማጉረምረም ተነሣ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት የታሸገባቸው አንድ ሽማግሌ የቀበሌው ካድሬ አጠገብ መቀመጣቸውን ረስተው «ደም አትብሉ ተብሎ ተጽፏል እኮ!» አሉ ጮክ ብለው። ካድሬው ያልሰማ መሰለ። የእሱም ሚስት ድስት አላት።

እጅ ተቆጠረ። ከላይ ያሉትንም ከታች ያሉትንም፣ እየዞርኩ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ቄራው እዚያ እንዳይሠራ ተወሰነ። በማግሥቱ ትሬሲንግ ወረቀቴን ዘርግቼ «ባዶ ቦታ» የሚለውን በምላጭ ፋቅሁት። ቀለም ሲፋቅ ወረቀቱ ይሳሳል፤ በላዩ ላይ «ምንጭ»፣ «የሸክላ አፈር» ብዬ ጻፍኩ። ጎጆዎቹንም ያለ ቤት ቁጥር አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ለቄራው ሌላ ቦታ የፈለግነው በዝናብ ወር፣ እዚያ አካባቢ የሚኖሩትን በየቤታቸው እየጠየቅን ነው። የፍሳሽ ጉድጓድ ይቆፈርልን አሉ፤ ተቆፈረላቸው።

ይህን ታሪክ ስናገር ሰው ያመሰግነኛል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የማላወራውን ልጨምር።

የዚያን ቀን ስብሰባው ሲያበቃ ፀሐይ ወጣች። ሰዉ ዳገቱን ሊወጣ ሲል እማማ ጡሜ ከምንጩ በቅል ቀድተው ቆሙ። ለሊቀ መንበሩ ዘረጉለት፤ አመስግኖ አለፈ። ለሽማግሌው ዘረጉ፤ አለፉ። ሕዝቡ እጁን ያነሣው ለድስቱ እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ለእነሱ አልነበረም። ውኃውን ባለፉት ሰዎች በልቤ ተናደድኩ። ከዚያ ቅሉ እኔ ዘንድ ደረሰ።

ውኃው ጥርት ያለ ነው። ሰማዩ በውስጡ ይታያል። ከጧት ጀምሮ አንድ ጉንጭ አልቀመስኩም፤ ጉሮሮዬ ደርቋል።

«አልጠማኝም እማማ» አልኳቸው።

እሳቸው ውኃውን ቀስ ብለው ሣሩ ላይ አፈሰሱት።

ለወጣት ቀያሾች የምለው ይኸው ነው። በበጋ የለካችሁትን ቦታ በክረምት ተመልሳችሁ እዩት። እጅ ስትቆጥሩ ደጅ ወጥታችሁ ቁጠሩ። የሰጧችሁንም ውኃ ጠጡ።