ካሊዮፒ በገዛ ቤቷ እንግዳ የሆነች ጊዜ

በእኛ ደሴት ቤት የሴት ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ስታገባ እናቷ ቁልፉን ትሰጣትና ትወጣለች፤ ወንዶቹ ወይኑንና ወይራውን ይካፈላሉ። ካሊዮፒ ከዳቦ ቤቴ ፊት ለፊት፣ አሸዋው ላይ ያለውን ቤት ያገኘችው እንዲህ ነው፣ ከእናቷ ከሴቫስቲ። ያኔ አሸዋ ላይ ያለ ቤት እንደ ስድብ ነበር። ወንድሟ ኒኪታስ ኮረብታው ላይ ያለውን የወይን እርሻ ወስዶ፣ «ለአንቺ ጨው ይበቃሻል» እያለ ሲያሾፍባት ኖረ። በኋላ መርከቦቹ ጀርመኑንም ስዊድኑንም ያራግፉ ጀመር። ሁሉም አሸዋውን ፈለገ፤ የኒኪታስን ወይን ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። ሰውየው ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላላትም። ቀኑን ሙሉ ከዳቦ ቤቴ አጠገብ ባለው ቡና ቤት ተቀምጦ የእህቱን በር ይጠብቃል፤ ሌላ ሥራ የለውም።

ሰኔ ሲገባ ሁላችንም አልጋችንን ለእንግዳ ለቀን ወደ ዕቃ ቤት እንወርዳለን። እኔም እወርዳለሁ፤ የቄሱ ሚስትም ትወርዳለች። መስከረም ገብቶ የመጨረሻው ሻንጣ ሲሄድ ወደ ቤታችን እንመለሳለን፤ ያኔ ባሕሩ ጠቁሯል፣ መስኮት የሚከፍት የለም። የካሊዮፒ ዕቃ ቤት ከቤቱ ጀርባ ነው። መስኮት የለውም። የዘይት ገንቦ፣ የተንጠለጠለ ሽንኩርት፣ የባሏ የሚናስ አሮጌ መረብ አለበት፤ በነሐሴ ውስጡ ከኔ ምድጃ ብዙም አይሻል። የሰርጓ አልጋ ግን ላይ ቤት ነው፤ የብረት አልጋ፣ ራስጌው ባሕሩን በሚያይ መስኮት ሥር። በዚያ አልጋ ላይ በብርዱ ወራት ስታስነጥስ ኖራለች። በሙቀቱ ወራት የተኙበት ሌሎች ናቸው።

እናቷ የሞተችውም ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነው። በነሐሴ ነበር፤ ላይ ቤት ፈረንሳዮች ነበሩ። አሮጊቷ፣ «መስኮቱን ክፈቱልኝ፣ ባሕሩን ልየው» ትላለች፣ መስኮት የት አለና! ካሊዮፒ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገች፣ «እማዬ፣ እስከ መስከረም ታገሺ፤ መስከረም ሲገባ እንደ ልብሽ ትተኚበታለሽ» አለቻት። አልታገሠችም። አስከሬኑን ያጠብነው እኔና ካሊዮፒ ነን። ያወጣነው በጓሮ በር ነው፣ ቁርስ የሚበሉት ፈረንሳዮች እንዳይከፋቸው። ይህን የምናገረው ካሊዮፒን ቅድስት አድርጋችሁ እንዳትስሏት ብዬ ነው። እናቷን ትወድ ነበር፤ እንግዳም ትወድ ነበር።

በወጉ መሠረት የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ስም ሴቫስቲ አለቻት፤ ስታገባም ቁልፉን ሰጠቻት። ውል ጸሐፊው፣ «እስክትሞቺ ትኖሪበታለሽ ብዬ ልጻፍልሽ?» ቢላት ሳቀችበት።

«ከገዛ ልጄ ወረቀት ልቀበል? አንተ ሰውዬ፣ እናት የለህም እንዴ?»

ሴቫስቲ ክፉ አይደለችም። ሥራ የገደላት ሴት ናት። እጇ አያርፍም፣ አፏም አያርፍም። እሷም በተራዋ ካሊዮፒ የምትባል ልጅ ወልዳለች፤ ቤቱ ገና ከአሁኑ ባለቤት ቆሞለታል።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ጣሊያናዊና ሚስቱ ተጣልተው መምጣታቸውን ተዉት። የካሊዮፒ የሰርግ አልጋ ያለበት ክፍል ለአንድ ሳምንት ባዶ ሆነ። ካሊዮፒ ጠዋት ዳቦ ልትወስድ መጥታ ከመደርደሪያው ተደግፋ ቆመች።

«ፎቲኒ፣ በነሐሴ ባሕሩ ከመስኮቴ ምን እንደሚመስል አላውቅም ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«ለምን አላምንሽም፣ እኔስ መቼ አየሁት?»

«አንድ ሳምንት ብቻ። አልጋዬ ላይ ተኝቼ፣ ተነስቼ፣ ባሕር ገብቼ፣ ተመልሼ ልተኛ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ከዚያ በኋላ የወሰደኝ ይውሰደኝ።»

የተናገረችው እየሳቀች ነው፤ ዓይኗ ግን አይስቅም ነበር። ዳቦውንም ረስታው ሄደች።

ሚናስ ጡረታ የወጣ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቀብር ላይ እንኳ ቀልድ ካልተናገረ ሆዱን የሚነፋው። ነገሩን ሲሰማ ጨበጠው።

«እንግዲያውስ ቱሪስት ነን! ጠዋት በመርከብ ጎረቤት ደሴት እንሄዳለን፣ ከሰዓት ሻንጣችንን ይዘን እንመለሳለን። ሴቫስቲ ወደብ ላይ ወጥታ ትቀበለናለች። አንቺ ሴትዮ፣ ባርኔጣሽን አውጪ፣ የጫጉላ ሽርሽር አልወሰድኩሽም እያልሽ ስትነዘንዢኝ አልኖርሽም?»

ሴቫስቲም ሳቀች። «እሺ፣ ሳምንቱ የናንተ ነው፤ የኔ ስጦታ» አለች። በዚያ ሰዓት ከልቧ ነበር፤ እምላለሁ።

እንዳሉትም አደረጉ። መርከቡ ሲቆም የክፍል አከራዮቹ ሴቶች ሰሌዳቸውን ከፍ አድርገው ሲጯጯሁ፣ ሁለቱ ሽማግሎች ሻንጣ እየጎተቱ ከጀርመኖቹ መሀል ብቅ አሉ። ሚናስ አፉን አጣሞ እንደ ፈረንጅ ይኮላተፋል፦

«እመቤት፣ ክፍል አለ? ሚስት አሮጌ ነው፣ አልጋ አዲስ ይሁን!»

ወደቡ በሳቅ ፈረሰ። ካሊዮፒ አፏን በእጇ ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በቡና ቤቱ ሲያልፉ ኒኪታስ ብቻ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «ዕቃ ቤት ውስጥ የኖረች አይጥ ሆቴል ገባች» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ። ሰዎቹ በዚህም ሳቁ። የእኛ ሰው ምን እንደሚያስቀው አይመርጥም።

የመጀመሪያው ቀን ሠርግ ነበር ማለት ይቻላል። ካሊዮፒ ቢጫ፣ አበባ ያለበት የዋና ልብስ ገዝታ ወጣች። በእሷ ዕድሜ ያለን ሴቶች ባሕር ከገባን ቀሚሳችንን እንደለበስን፣ ሰው ሳይኖር፣ ገና በማለዳ ነው። እሷ ግን እኩለ ቀን ላይ፣ ከነጭ ጭኗ ጋር፣ በሰው ሁሉ ፊት አለፈች።

«ካሊዮፒ! መብራት ኃይል አይቶሻል? ደሴቱን አበራሽው እኮ!» አለ አንዱ ከቡና ቤቱ።

«ዓሣዎቹን አሳውረሽ እንዳትጨርሺብን!» አለ ሌላው።

«አንተ ደግሞ ሚስትህን ብታሳይ መርከቡ ይመለሳል!» ብላ መለሰችለት፣ ሳትዞር። ይህች ናት የማውቃት ካሊዮፒ። ከዳቦ ቤቴ ሆኜ አጨበጨብኩላት።

ሚናስ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ልጁን ያዝዛል፦ «እመቤት፣ ፀሐይ ብዙ ነው፣ ትንሽ ቀንሽልን! እመቤት፣ ባሕር ጨው በዝቶበታል!» የፍልሰታ ጾም ስለነበር ካሊዮፒ ቲማቲምና ወይራ ስትበላ እሱ አይብ ይጠይቃል። «ቱሪስት አይጾምም» ይላል። ሴቫስቲ የመጀመሪያውን ቁርስ እየሳቀች አቀረበች። ሁለተኛውን ፈገግ ብላ። በሦስተኛው ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። ሚናስ፣ «እመቤት፣ ቡናው ቀዝቅዟል» ቢላት፣ «አባዬ፣ ይበቃል፤ ሌሎቹ ክፍሎች ውስጥ እውነተኛ ሰዎች አሉ» አለችው።

እውነተኛ ሰዎች። ካሊዮፒ ሰማች፤ ኮክ መላጧን ቀጠለች። ከሰዓት ስታገኘኝ የነገረችኝ ግን ስለዚህ አልነበረም።

«ማለዳ ላይ ባሕሩ መጀመሪያ ነጭ ነው፣ ፎቲኒ። ከዚያ አንድ ጊዜ ሰማያዊ ይሆናል፣ እንዲያውም ብርሃኑ ጣሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰዎች ለምን ከሩቅ እንደሚመጡ አሁን ገባኝ። እናቴ…» ብላ አቆመች። ከዚያ ዳቦ ገዝታ ሄደች።

የእመቤታችን በዓል ዋዜማ ደረሰ። ዋዜማውን መርከቦቹ እስከ አፋቸው ተሞልተው ይመጣሉ፤ አልጋ ያጣ ሰው አሸዋ ላይ ያድራል። ሚናስና ካሊዮፒ ባሕር ውስጥ ነበሩ። እኔ የበዓሉን ዳቦ ከምድጃ እያወጣሁ በበሩ አያለሁ። አንድ ወጣት ፈረንጅና ብጫ ጸጉር ያላት ሚስቱ ላብ አጥምቋቸው ከሴቫስቲ በር ቆሙ። ሴቫስቲ ራሷን ነቀነቀች፣ የለም ማለቷ ነው። ሰውየው አንድ ነገር ተናገረ። እሷም ወደ ባሕሩ ዞር ብላ አየች። ለረጅም ጊዜ አየች፤ ይህን ልክድላት አልችልም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባች።

ስትወጣ የእናቷን ቀሚሶች በክንዷ ታቅፋለች። ተመልሳ ገብታ የሚናስን ምላጭ፣ የካሊዮፒን ጫማ፣ ከራስጌ የተሰቀለውን የእመቤታችንን ሥዕል አመጣች። ሁሉንም በጓሮ ዞራ ዕቃ ቤት አስገባች። ኒኪታስ ወንበሩን ለማየት እንዲመቸው አዞረው። ደስታ እንዲህ ፊቱን ሲያበራው ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«ቱሪስቶቹ ተባረሩ!» አለ። «ሂሳባቸውን ሳይከፍሉ ነው መሰለኝ!»

ቡና ቤቱ በሳቅ ተነቃነቀ። እኔ የዳቦ አካፋዬን ይዤ ቆሜአለሁ። ሮጬ ሄጄ ልጅቷን ፀጉሯን ይዤ ባወዛውዛት ደስ ባለኝ፤ ግን የኔም ዕቃ ቤት ሞልቷል፣ የኔም አልጋ ላይ ሰው አለ። ምን አፍ ኖሮኝ!

የቀረውን ሚናስ ነው የነገረኝ። ካሊዮፒ በጀርባዋ መንሳፈፍ የለመደችው የዚያን ዕለት ነበር። እሱ ወገቧን ደግፎ ይዞ፣ ቀስ ብሎ ለቀቃት፤ አልሰጠመችም። «ልቀቀኝ፣ ልቀቀኝ» ትላለች፣ እሱ እኮ ቀድሞ ለቋታል። ራሷን ቀና ስታደርግ ቤቱን ከባሕሩ አየችው፣ ትንሽ፣ ነጭ። መስኮቱ ተከፈተ።

«እያት ልጄን! ክፍሉን ልታናፍስልን ነው» አለች።

ከዚያ በመስኮቱ አንድ ብጫ ጸጉር ወጣ፤ ባሕሩን አየ፤ ክንዶቹን ዘረጋ። ሚናስ አንድ ቀልድ ሊናገር አፉን ከፈተ። ምንም አልመጣለትም። በሕይወቱ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው አለኝ።

ካሊዮፒ ፎጣ እንኳ ሳትይዝ በአሸዋው ላይ መጣች። በቡና ቤቱ ስታልፍ ኒኪታስም እንኳ ያን ጊዜ ብርጭቆውን ማየት መረጠ። ሴቫስቲ በሩ ላይ ሁለት ንጹሕ አንሶላ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ቀልቷል።

«እማዬ፣ አትቆጪ። ነገ በዓል ነው፣ የትም ቦታ የለም፣ ሴትዮዋ ልትወድቅ ነው የመሰለችው። እኔ ሦስት ክፍል ቁርስ አለብኝ። አልጋው አልተነጠፈም፤ ቶሎ ብለሽ…»

«ሳምንቱ አላለቀም፣ ልጄ» አለች ካሊዮፒ። ድምፅዋ እስከ ዳቦ ቤቴ ድረስ ይሰማል፣ ባትጮህም።

«አውቃለሁ። እስከ መስከረም ታገሺ፣ እማዬ። መስከረም ሲገባ እንደ ልብሽ ትተኚበታለሽ።»

ሴቫስቲ እነዚህን ቃላት ከየት እንዳመጣቻቸው አታውቅም። አያቷ ስትሞት ጡት የምትጠባ ሕፃን ነበረች፣ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ በቅርጫት ተኝታ። ካሊዮፒ ግን ታውቃለች። እጇን ወደ አፏ አነሳች፣ አወረደችውም። ከዚያ አንሶላዎቹን ተቀበለች።

እኔ በዳቦው ሰበብ ተከትያት ገባሁ፤ ብቻዋን ልተዋት አልቻልኩም። ከነቢጫ የዋና ልብሷ፣ ጸጉሯ እየተንጠባጠበ፣ የገዛ የሰርግ አልጋዋን አነጠፈች። አንሶላውን እንዳታርስ ክንዷን ዘርግታ፣ ደረቷን አርቃ። ማዕዘኖቹን እንደ ሁልጊዜው አስተካክላ ወተፈች። ትራሱን ደበደበች። ጸጉረ ብጫዋ እንግዳ በረንዳው ላይ ቆማ ለባሏ ባሕሩን ታሳየዋለች። ዞር ስትል ወለሉ ላይ ከበሩ እስከ አልጋው የተሠራ እርጥብ የእግር ዱካ አየች። በጣቷ ጠቆመች፤ ቁጣ የለባትም፣ ፈገግ ብላ ነው የጠቆመችው፣ ለቤት ሠራተኛ እንደሚጠቆመው።

«ተዪው፣ እኔ እወለውለዋለሁ» አልኳት ካሊዮፒን።

«አንቺ ዳቦሽ እንዳያርብሽ» አለችኝ።

መወልወያውን ከተለመደው ቦታ አመጣች። ከአልጋው ጀመረች። አዲስ ዱካ እንዳይወጣባት ወደ ኋላ እየሄደች የገዛ እግሯን ምልክት አንድ በአንድ ጠረገችው፤ ከመስኮቱ ሥር፣ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ከበሩ ደፍ፣ በጓሮው ደረጃ። ቀና ብላ ባሕሩን አላየችም። ስትጨርስ ጀርባዋ የዕቃ ቤቱን በር ነካ፤ ገፋ አድርጋ ገባች።