የለም ብዬ የረታሁ ዕለት

የፍልስፍና መምህራችን ለሴሚናር ክርክር ዕጣ ስታስወጣን፣ ለእኔ «እግዚአብሔር የለም» የሚለው ወገን ደረሰኝ። ያውም በዐቢይ ጾም! ቀይሪልኝ ብዬ ብለምናት፣ «የማታምኚበትን መሞገት ካልቻልሽ ፍልስፍናን ለምን መረጥሽ?» አለችኝ። ካላቀረብኩ ኮርሱን ልወድቅ፣ ካቀረብኩ በገዛ አፌ ፈጣሪዬን ልክድ ነው።

ለንደን ውስጥ ከፊንስበሪ ፓርክ ወደ ኤድመንተን በሚሄደው አውቶቡስ ላይ ሆኜ ለንስሐ አባቴ ደወልኩ።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ልጄ?»

«እግዚአብሔር የለም በይ ተባልኩ።»

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ እናት፣ ለካ አማርኛ ይሰማሉ፣ አማተቡና ተነሥተው ሌላ ወንበር ፈለጉ።

«ማነው ያለሽ?»

«ዩኒቨርሲቲው።»

«አንቺስ ታምኚበታለሽ?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«እንግዲያው ደህና አድርገሽ ተከራከሪ፤ አታሰድቢን። ብቻ ክፉ ቃል ከአፍሽ በወጣ ቁጥር ሎቱ ስብሐት በይ።»

እውነትም፣ ቤታችን ስለ ፈጣሪ የማይገባ ነገር ያነሣ ሰው፣ የሌላውን ንግግር እየደገመ እንኳ ቢሆን፣ «ለእርሱ ምስጋና ይሁን» ሳይል አያልፍም።

ቀኑ ደርሶ ቆምኩ። «ይህን ሁሉ መከራ እያየ የማይከለክል ከሆነ፣ ወይ አይችልም፣ ሎቱ ስብሐት፤ ወይ አይራራም፣ ሎቱ ስብሐት፤ ወይ ደግሞ ከነጭራሹ የለም።» ለዚህኛውማ ሎቱ ስብሐቱን ደጋግሜ አልኩት። የክፍል ጓደኞቼ የፍልስፍና ቃል መስሏቸው ይጽፋሉ።

እግዚአብሔር አለ ብሎ እንዲከራከር ዕጣ የደረሰው ልጅ ለሠርግ ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ አያውቅም። ላብ በላብ ሆኖ እጁን አወጣ።

«ያቺ የምትደጋግሚያት ምንድን ናት?»

«ምስጋና ናት።»

«ለማን?»

«ለእግዚአብሔር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«የለም ላልሽው?»

«ምስጋናውን ለእኔ ተወውና ክርክሩን መልስልኝ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። እጅ ተቆጥሮ በድምፅ ብልጫ ረታሁ። ደስታዬ ግን ቤቴ እስክደርስ አልበረደም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ጠሩኝ።

«እህሳ?»

«ረታሁ አባ፣» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

«የለም ብለሽ?»

«የለም ብዬ። ሎቱ ስብሐት።»

ሳቃቸውን በመስቀላቸው ከለሉ። «ደስ አለሽ?»

«…በጣም።»

«ለክርክሩ ዕዳ የለብሽም። ለደስታው ግን ከነገ ጀምሮ ስገጂ።» ከዚያ ጠጋ አሉኝ። «እስቲ ያንን የመከራውን ነገር ለእኔም በይልኝ። እኔ እመልስልሻለሁ።»

ዘወር ስል፣ የአውቶቡሷ እናት መስቀል ሊሳለሙ ከኋላዬ ተራ ይዘው ቆመዋል። ዓይናቸው ፈጦ ያዩኛል።

ለጥንቃቄ ምስጋናውን አስቀደምኩት። «ሎቱ ስብሐት፣» አልኩ ጮክ ብዬ፣ ጀመርኩም።