ሽንኩርት ከመጥረጊያ ጋር

ሥራ በገባሁበት ቀን አለቃዬ ጓድ ታደሰ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ ማሸጊያ እርሳስና በሣጥን የተደረደሩ የሚዛን ድንጋዮች አስረከቡኝ። “ከዛሬ ጀምሮ የኑሮ ውድነትን ትዋጋለህ” አሉኝ። ይህን ጠላት ፊት ለፊት አይቼው አላውቅም፤ ቢሆንም “እሺ ጓድ” ብዬ ፈረምኩ። ማዕረጌ ረዳት የዋጋ ተቆጣጣሪ፣ የምዞርበትም ከአዳማ፣ ያኔ ናዝሬት ከምንላት፣ እስከ ቡልቡላ ነበር።

ዘመኑ ክፉ ነው። ድርቅ አለ፣ ጦርነት አለ፣ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ አጥቶ ሠራተኛው በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። መንግሥት ለዚህ ሁሉ ያገኘው መድኃኒት ተመን ነበር። በርበሬ ሲወደድ ተመን፣ ቅቤ ሲጠፋ ተመን። ዋጋውን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። በማግስቱ ስንመለስ ዋጋው እንደተጻፈ ነው፤ ዕቃው ግን የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሰሌዳውን ታያለህ። ቀጥለህ የነጋዴውን የሚዛን ድንጋይ ከራስህ ድንጋይ ጋር ታስተያያለህ። ጥፋት ካገኘህ መደቡን በሽቦ ታስርና እርሳሱን በፒንሳ ትጨምቃለህ። የታሸገ ነጋዴ ፈቃዱን ተነጠቀ ማለት ነው።

በናዝሬት ገበያ ሁሉ ጓድ ታደሰ የሚመኩባቸው ነጋዴ ወይዘሮ ዘሐራ ነበሩ። ከወሎ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን በሽንኩርት የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ሰሌዳቸው ንጹሕ፣ ሚዛናቸው ቀጥ ያለ፣ ዋጋቸው ልክ ተመኑ። ሌላው ዘንድ ሽንኩርት ሲጠፋ እሳቸው ጋ አይጠፋም። “ከእሳቸው ተማሩ!” ይላሉ ጓድ ታደሰ በየስብሰባው። ነጋዴው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። እኔ እፍረት መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ቤቴ ከበሩ ጀርባ የመጥረጊያ ክምር አየሁ።

“ጥሩወርቅ፣ ይህ ሁሉ መጥረጊያ ምን ይሠራል?” አልኳት ሚስቴን።

“ወጥ መብላት አማረህ አይደል?” አለችኝ። “ወይዘሮ ዘሐራ ያለ መጥረጊያ ሽንኩርት አይሸጡም። ሽንኩርቱ በተመኑ፣ መጥረጊያው በእሳቸው ዋጋ። አገር የሚያውቀውን ተቆጣጣሪው ብቻ አልሰማህም?”

መጥረጊያ ተመን አልወጣለትም ነበር። ነገሩ ገባኝ፤ ሳቄም መጣ። ለነገሩ ከተማችን እንደዚያ ሰሞን ተጠርጋ አታውቅም።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። ሌሎቹ ነጋዴዎች አቤት ብለው ኖሮ፣ በማግስቱ ጓድ ታደሰ ፒንሳዬን አስይዘው ወደ መደቡ ወሰዱኝ። ፊታቸው ፍም መስሏል። ወይዘሮ ዘሐራ ሽቦውን ሲያዩ የያዙትን ሚዛን አስቀመጡ። “ይህ መደብ ከተዘጋ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?” አሉኝ ቀስ ብለው። አሳዘኑኝ። ፒንሳው ከእጄ ወድቆ ቢጠፋ ደስታዬ ነበር።

“አስገድዶ መሸጥን ከየት ተማሩት?” አሉ ጓድ ታደሰ።

“ወላሂ ከእናንተው ነው!” አሉ ወይዘሮ ዘሐራ። “የቀበሌው ሱቅ ስኳር ልገዛ ብሄድ ‘ያለ አካፋ አይሸጥም’ አሉኝ። እኔ አካፋ ምን ይሠራልኛል ጓድዬ? ሽንኩርት ልዝቅበት?” ከመደባቸው ሥር ማንም ያልቆፈረበት አዲስ አካፋ ጎትተው አወጡ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቄ “ጓድ፣ መጀመሪያ የትኛውን ላሽግ? መደቡን ነው የቀበሌውን ሱቅ?” አልኳቸው። ጓድ ታደሰ አካፋውን አገላብጠው አዩት። በኋላ የሹፌራቸው ሚስት እንደነገረችኝ እሳቸውም ቤት እንደዚያው ዓይነት አካፋ ተቀምጦ ነበር። “ለዛሬ ይቆይ” ብለው ተመለሱ።

እኔ ተገላገልን ብዬ ደስ አለኝ። ጓድ ታደሰ ግን መፍትሔ ይዘው መጡ፤ ለመጥረጊያም ተመን ወጣ።

ለካ ወይዘሮ ዘሐራ በሽንኩርቱ የሚከስሩትን የሚሞሉት በመጥረጊያው ትርፍ ኖሯል፤ ከዚያ በኋላ መደባቸው ላይ መጥረጊያ ብቻ ቀረ። ሽንኩርቱ ወዴት እንደገባ እንድናጣራ ታዝዘን በቢሮው ላንድሮቨር ሽንኩርቱ ወደሚመረትበት ወደ ዓለም ጤና ወረድን። ሽንኩርቱ ማሳው ላይ ነበር። አንድ ገበሬ የውኃ መሳቢያውን ሞተር በእጁ መታ መታ አድርጎ፣ “ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ፣ ናፍጣውን በተመን አምጣልኝና ሽንኩርቱን በተመንህ ውሰድ” አለኝ። ናፍጣ በተመን እኛም አላገኘንም፤ የመጣንበትን የቀዳነው ከጓሮ፣ በጥቁር ገበያ ዋጋ ነበር። ላንድሮቨሩን አዙረን ተመለስን።

ወይዘሮ ዘሐራ ለጥቂት ጊዜ በመጥረጊያው ታገሉ። ከየቤቱ በር ጀርባ መጥረጊያ ተከምሮ ሳለ ማን ይግዛቸው? አንድ የገበያ ቀን ሄጄ መደቡ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ። ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዘመዶቻቸው መሄዳቸውን ነገረኝ። ያን ቀን ሌላ መደብ ሳላይ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እኛን ለተካችሁ ተቆጣጣሪዎች የምለው ይህን ነው። ተመን ከመለጠፋችሁ በፊት ዕቃው ከማሳ በስንት እንደሚወጣ ጠይቁ። እኛ አልጠየቅንም፤ ወይዘሮ ዘሐራ መደባቸው ሳይታሸግ ከገበያ ወጡ።